«ፖስት ዶክ» የሐኪምነት ፈቃድ አይደለም

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ሐኪም ደብዳቤ ይዞ ቤቴ መጣ። ደብዳቤው አሜሪካ ከሚገኝ የአለርጂና የኢሚውኖሎጂ ላብራቶሪ የተላከ ሲሆን፣ ለሦስት ዓመት በድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪነት እንዲሠለጥን ይጋብዘዋል። «ጋሼ፣ ተሳካልኝ! ነገ ለሆስፒታሉ መልቀቂያ ላስገባ ነው። ሦስቱን ዓመት ስጨርስ የአለርጂ ስፔሻሊስት ሆኜ እዚያው ታካሚ አያለሁ» አለኝ።

ደስታውን ማደፍረስ ባልፈልግም ዝም ማለት አልቻልኩም። ከዓመታት በፊት እኔም ይህንኑ አምኜ አውሮፕላን ተሳፍሬያለሁና። መሳሳቴን የተረዳሁት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ነበር። ለዚያ ወጣት የነገርኩት ሌላውንም ይጠቅም ይሆናል በማለት እነሆ ጽፌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞክሼ መንገዶች

ግራ መጋባቱ የሚመነጨው ከስሙ ነው። አሜሪካ ውስጥ «ፌሎሺፕ» የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የክሊኒክ ሥልጠና ነው። ሐኪሙ በውስጥ ደዌ ወይም በሕፃናት ሕክምና የሦስት ዓመት ሬዚደንሲ ካጠናቀቀ በኋላ፣ ሁለት ዓመት የአለርጂና የኢሚውኖሎጂ ሥልጠና ይወስዳል። ከዚያም በ1971 የተቋቋመው የሙያው ቦርድ ለሚሰጠው ፈተና ይቀመጣል። ከውጭ አገር የተመረቀ ሐኪም ወደ ሬዚደንሲው ለመግባት የአገሪቱን የሕክምና ፈቃድ ፈተናዎች ማለፍና የኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ. ሰርተፍኬት መያዝ ይኖርበታል።

ሁለተኛው የምርምር ሥልጠና፣ በተለምዶ «ፖስት ዶክ» የሚባለው ነው። በዚህኛው ፒኤችዲ ያለው ሳይንቲስትና ሐኪሙ በአንድ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ሲጨርሱ የሚይዙት የታተሙ ጽሑፎች፣ የምርምር ስልትና የመምህራቸውን የድጋፍ ደብዳቤ እንጂ ታካሚ የማየት ፈቃድ አይደለም። በተመራማሪነት በጄ-1 ቪዛ የገባ ሐኪምም ለምርምሩ ከሚያስፈልገው ድንገተኛ ግንኙነት በቀር ሕክምና መስጠት አይፈቀድለትም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ሁለቱ መንገዶች አንዳንዴ መገናኘታቸው ነው። የክሊኒክ ሥልጠናውን የሚወስድ ሐኪም ተጨማሪ ዓመታት ወስዶ እዚያው ላብራቶሪ ሊገባ ይችላል። እኔ በመጣሁበት ሰሞን አጠገቤ የሚሠራው አሜሪካዊ እንዲህ ያለ ነበር። «ሁለታችንም ፌሎው ነን» ብዬ ተጽናናሁ። እሱ ግን ፈቃዱን በኪሱ ይዞ ነበር የመጣው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የዚህ ሥልጠና ዋነኛ ደጋፊ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች፣ በምህፃረ ቃል ኤን.አይ.ኤች.፣ ነው። በዚህ ሥር የአለርጂና የተላላፊ በሽታዎች ኢንስቲትዩት ይገኛል። በ1974 በወጣ ሕግ የተመሠረተው «ቲ-32» የተባለው ድጋፍ ለግለሰብ ሳይሆን ለተቋም ይሰጣል፤ ሠልጣኙን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይመርጣል። አንድ ሰው በድኅረ ዶክትሬት ደረጃ በድምሩ እስከ ሦስት ዓመት ሊደገፍበት ይችላል። የመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ክፍያ የአገልግሎት ግዴታ የሚያስከትል ሲሆን፣ በሁለተኛው ዓመት በሥልጠናው የቀጠለ ዕዳውን እንደከፈለ ይቆጠርለታል።

የእኛን ሰው የሚመለከተው ግን ሌላው አንቀጽ ነው። ድጋፉን ለማግኘት የአሜሪካ ዜጋ መሆን ወይም ግሪን ካርድ መያዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚሄድ ሐኪም ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው ከመምህሩ የምርምር በጀት ነው። በጀቱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል ማለት ነው። በ2006 የተጀመረው «ኬ-99» የተሰኘው የመሸጋገሪያ ድጋፍ የተቀረጸው ለውጭ አገር ዜጎችም ክፍት ሆኖ ነው፤ ሆኖም ውድድሩ ከባድ ስለሆነ፣ መመዘኛውም ሊለወጥ ስለሚችል፣ የየዓመቱን ማስታወቂያ ማንበብ ግድ ይላል።

ታዲያ ምን ይገኝበታል?

ይህን ሁሉ ስል ሥልጠናው ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ለአስም፣ ለምግብና ለመድኃኒት አለርጂ ቁልፍ የሆነውን አይ.ጂ.ኢ. የተባለ አንቲቦዲ በ1966 ዴንቨር ውስጥ ያገኙት ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ ጃፓናውያን ሐኪሞች ነበሩ። ኪሚሺጌ ቀደም ሲል ካሊፎርኒያ ውስጥ የድኅረ ዶክትሬት ሥልጠና ወስደዋል። ይህንኑ አንቲቦዲ የሚያግደው ኦማሊዙማብ ለአስም ሕክምና አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው በ2003 ነው፤ ከ37 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የሰውነት መከላከያ ራሱን እንዳያጠቃ የሚገቱትን ሴሎች በማግኘት የ2025ን የኖቤል ሽልማት ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የተጋሩት ሺሞን ሳካጉቺም በሐኪምነት የተመረቁ ናቸው። አሜሪካ ሄደው በጆንስ ሆፕኪንስና በስታንፎርድ ሠልጥነዋል።

እኔ እንኳን ለሽልማት አልበቃሁም። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ያሳለፍኩት የማሳድጋቸው ሴሎች እየሞቱብኝ ነው። ሐኪም ሌሊቱን ሳይነጋ መወሰን ይለምዳል፤ ላብራቶሪ ግን «እርግጠኛ ነህ? በምን አወቅህ?» እያለ ያዘገይሃል። ያን ጥያቄ ራሴን መጠየቅ መልመዴ የሦስት ዓመቱ ትርፍ ነው። ኪሳራውም ቀላል አልነበረም፤ ስመለስ የክፍል ጓደኞቼ ስፔሻሊቲያቸውን ጨርሰው ነበር፤ እኔ የውስጥ ደዌን ሀ ብዬ ጀመርኩ።

ጥያቄው እዚሁ አለ

ሌላም የተማርኩት ነገር አለ። በዚህ ሙያ አገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። በ1970 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የተነሳው ከሥጋ ደዌ ኢሚውኖሎጂ ነው። ጅማ ላይ ከ12 ሺሕ በላይ ሰዎች ተጠንተው በ1997 በታተመ ጽሑፍ፣ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በርክቶ ተገኘ። በ2001 የታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የማለት ዕድሉ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ትሉ መከላከያውን እንዴት ያለዝበዋል? ከተሜነትስ ምን ይለውጣል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ከቤቱ ይዞ የሚሄድ ሐኪም፣ የሰው ሥራ ሠርቶ ብቻ አይመለስም።

ከመፈረም በፊት

ለወጣቱ አምስት ጥያቄዎች ጻፍኩለት። ደመወዜ ከየትኛው በጀት ነው፣ ለስንት ዓመትስ ተረጋግጧል? ቪዛዬ ምን ይፈቅዳል፣ ምን ይከለክላል? ለፈቃድ ፈተናዎቹ ለማጥናት ጊዜ ይኖረኛል? ከእኔ በፊት የሠለጠኑት ዛሬ የት ናቸው? የጀመርኩትን ጥናት አገሬ ወስጄ መቀጠል እችላለሁ? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበል አልኩት።

ከሳምንት በኋላ ደወለ። መምህሩ ለአራቱ ጥያቄዎች በቅንነት መልሰውለታል። የበጀቱን በተመለከተ ግን የተረጋገጠው አንድ ዓመት ብቻ ነው። «አልተውኩትም ጋሼ፤ ከሆስፒታሉ ግን መልቀቂያ ሳይሆን የአንድ ዓመት የትምህርት ፈቃድ ጠየቅሁ» አለኝ። ይሂድ፤ አውቆ የሄደ መመለሻውንም ያውቃል።