የስግደት ቤት በሦስት ልሳን፦ የወለቃ መስጊድና የስሙ ታሪክ

ከጎንደር በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ወለቃ የምትባል ትንሽ መንደር ትገኛለች። መንገደኛውን የሚቀበሉት ለሽያጭ የተደረደሩ የሸክላ ምስሎችና ግድግዳቸው ላይ የዳዊት ኮከብ የተሳለባቸው ቤቶች ናቸው። ከነዚህ አንዱ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች፣ የቤተ እስራኤል፣ የጸሎት ቤት ነበር። የውጭ አገር ጐብኚ ቤቱን «ሲናጎግ» ይለዋል፤ በአማርኛ ወንጌል ያደገ አንባቢ ደግሞ «ምኩራብ» ይለው ይሆናል። በውስጡ ይጸልዩ የነበሩት ግን «መስጊድ» ወይም «ጸሎት ቤት» ይሉት ነበር። የቤቱን ታሪክ ለማወቅ ከኮከቡ ይልቅ ከዚህ ስም መነሣት ይሻላል።

«መስጊድ» ሲባል ዛሬ አማርኛ ተናጋሪው የሚያስበው የሙስሊሞችን የጸሎት ቤት ነው። በመሆኑም ቤተ እስራኤል ቃሉን ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ተውሰውታል ብሎ መገመት ይቀላል። የሥሩ ታሪክ ግን ከዚህ ይረዝማል። በግእዝ «ሰገደ» የታወቀ ግስ ነው፤ «ምስጋድ» ደግሞ መስገጃ ስፍራ ነው። በግብፅ በኤለፋንታይን ደሴት ከኖሩት አይሁድ የተረፉ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን በአራማይክ የተጻፉ ሰነዶች ውስጥ፣ ከዚሁ ሥር የወጣ የስግደት ስፍራ ስም በመሐላ ቃል ላይ ይገኛል። የዐረብኛው «መስጂድ»ም የዚሁ ሥር ቅርንጫፍ ነው። ግሪኩ «ሲናጎግ» እና ዕብራይስጡ «ቤት ክኔሴት» ቤቱን የሚሰይሙት በሚሰበሰበው ጉባኤ ነው፤ «መስጊድ» ግን የሚሰይመው ጉባኤው በሚፈጽመው ሥራ፣ በስግደቱ ነው። የማኅበረሰቡ ዓመታዊ በዓል «ስግድ» መባሉም ከዚሁ ጋራ ይስማማል።

የቤቱ አሠራርም ከአካባቢው የተለየ አልነበረም። የገጠሩ መስጊድ በአብዛኛው ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር የተሠራ ክብ ጎጆ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በመካከላቸው የተዘዋወረው ሚስዮናዊ ሄንሪ ስተርን መስጊዱን ከሌላው ቤት የሚለየው በጣሪያው ጫፍ ላይ የሚደፋው ቀይ የሸክላ ዕቃ መሆኑን ጽፏል። የዳዊት ኮከብ የተተከለው ከዚያ በኋላ፣ ከዓለም አይሁድ ጋራ ግንኙነት ሲጠነክር ነው። በውስጠኛው ክፍል፣ በቅድስተ ቅዱሳን፣ ኦሪት ይቀመጥ ነበር፤ ይኸውም እንደ ሌሎች አይሁድ የዕብራይስጥ ጥቅልል ሳይሆን በግእዝ የተጻፈ የብራና መጽሐፍ ነው።

ለቋንቋ ተመራማሪ ዋናው ቅርስ በዚህ ቤት ይሰማ የነበረው ድምፅ ነው። ምእመናኑ በዕለት ኑሯቸው አማርኛ ወይም ትግርኛ ይናገሩ ነበር፤ ጸሎታቸው በግእዝ ነበር፤ በግእዙ መካከል ግን የአገው ንባቦች ይገቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 እና 1868 አገሩን የጐበኘው ጆሴፍ ሃሌቪ በ1873 ስለ አገውኛቸው ጥናት አሳተመ፤ በ1877 ደግሞ ጸሎቶቻቸውን አወጣ። ሌዎ ራይኒሽ በ1885 የቋራን አገውኛ የሚመለከት ሥራ አበረከተ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አገውኛው ከአብዛኛው ማኅበረሰብ አንደበት ጠፍቶ በጸሎት ብቻ ቀረ። ብዙ ቄሶች ንባቡን በቃል ያውቁት ነበር፤ ፍችው ግን ከንባቡ ተለይቶ ነበር። አንድ የኩሽ ቋንቋ በሴማዊ ፊደል ተጽፎ፣ በሴማዊ ጸሎት ታቅፎ የቆየው በዚህ መንገድ ነው።

ዕብራይስጥ የመጣው በኋላ ነው። ዣክ ፋይትሎቪች እ.ኤ.አ. በ1904 ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ገባ፤ ከዚያ በኋላ በእርሱና በተማሪው በታምራት አማኑኤል ጥረት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቀጥሎ ስደቱ መጣ። ብዙዎች በእግር ወደ ሱዳን ተጓዙ፤ በመንገድና በመጠለያ ጣቢያም ብዙዎች ሞቱ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. ሺዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ወደ እስራኤል ሄዱ። የመንደሩ መስጊድ ያለ ሰጋጅ ቀረ።

ስሙ ግን አብሯቸው ተሻገረ። የእስራኤል ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ሲደነግግ ይህ ከግእዝ የመጣ ቃል ከነድምፁ ወደ ዕብራይስጥ ገባ። የአገው ንባቦቹ ዕድል እንዲህ አይደለም። ንባቡን በዜማው የተማሩት ቄሶች እያረጁ ነው፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የሚጸልዩት በዕብራይስጥ ነው። የወለቃ ጎጆ ሣሩ ቢያረጅ ይከደናል፣ ግድግዳው ቢፈርስ ይመረጋል። በብራና ላይ የቀረው የአገው ቃል ግን የት እንደሚላላ፣ የት እንደሚጠብቅ፣ የት እንደሚያርፍ ፊደሉ ብቻውን አያሳይም። ይህን ማሳየት የሚችለው የቄሱ አንደበት ነው። ስለዚህ የቤቱን ግንብና ጣሪያ የሚመዘግብ ሁሉ የቄሶቹንም ድምፅ በጊዜው ሊመዘግብ ይገባል።