በዝግታ የሚፈስ አለት፦ የጨው ልኬት አጭር ታሪክ

አሞሌ ሲመቱት እንደሚሰበር ሁላችንም እናውቃለን። ያው ጨው ግን ቀላል ጫና ለረጅም ዘመን ሲያርፍበት ሳይሰበር በዝግታ ይፈሳል። ዛሬ የምተርክላችሁ ይህ ፍሰት እንዴት እንደተለካ ነው።

ጥያቄው ክብደት ያገኘው በኑክሌር ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ለራዲዮአክቲቭ ዝቃጭ ማስቀመጫነት የጨው አለትን ተስፋ ሰጪ አድርጎ አቀረበ፤ ጨው ስንጥቁን ራሱ ይደፍናልና። በምን ፍጥነት? ላቦራቶሪዎች ናሙናዎችን በአብዛኛው የሚፈትኑት ከ5 እስከ 20 ሜጋፓስካል በሆነ ጫና ነበር። በአነስተኛ ጫና የሚሆነውን ፍጥነት ከዚያ ተነሥተው በስሌት ይገምቱት ነበር። ከዋሻው ራቅ ያለው ሰፊው አለት የሚፈሰው ግን በዚሁ በአነስተኛው የጫና ልዩነት ነው።

ግምቱን በቀጥታ ልኬት ከፈተኑት መካከል ፈረንሳዊው ፒየር ቤሬስትና ባልደረቦቹ ይገኛሉ። ዋነኛው እንቅፋት ሙቀት ነበር፤ የ1 ዲግሪ ለውጥ ብቻ ጨውን ከአንድ ዓመት ፍሰቱ አብልጦ ሊያስረዝመው ይችላል። ስለዚህ መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ማዕድን ጉድጓድ ወረዱ፤ በመጀመሪያ በፈረንሳይ ወደ ቫራንዥቪል፣ በኋላም በኦስትሪያ ወደ አልታውሴ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች በሺህ የሚቆጠሩ የጥበብ ሥራዎችን የደበቁት በዚሁ በአልታውሴ ነበር። ሥዕሎቹን ከብልሽት የጠበቀው የማይዋዥቅ አየር ለልኬቱም ተስማማ።

በአልታውሴ ከአሜሪካ፣ ከጀርመንና ከፈረንሳይ በመጡ 5 ናሙናዎች ላይ የ0.2፣ የ0.4 እና የ0.6 ሜጋፓስካል ጫና በየተራው፣ እያንዳንዱም ለ8 ወራት ያህል ተጫነ። መለኪያው 12.5 ናኖሜትር የምታህል ለውጥ ይለይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ 1 ሜትር ቁመት ያለው ጨው በእንዲህ ያለ ጫና በዓመት ከ3 እስከ 30 ማይክሮን ገደማ ያጥራል። ኢምንት ይመስላል፤ ሆኖም ከከፍተኛ ጫና ተነሥቶ ከተገመተው ከ10 ሚሊዮን እስከ 100 ሚሊዮን እጥፍ ይፈጥናል። ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ በጨው ቅንጣቶች መካከል ያለው ጥቂት እርጥበት ጨውን ከተጫነበት ስፍራ አሟሙቶ ሌላ ስፍራ ያስቀምጠዋል የሚል ነው። ይህ አሠራር በከፍተኛ ጫና ጊዜ በሌላው ፈጣን ፍሰት ይሸፈናል።

ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ ሒሳቡ ራሱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው በአንድ ወሰን የታየው ሕግ በሌላውም ይጸናል የሚለው እምነት ነው። ለሺህ ዓመታት የሚቆይ መቃብር የሚቆፍር ትውልድ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ታግሦ ሊለካ ይገባዋል።