ዐሥራ ሦስተኛው ወር ለማን ተሸጠ? የአንድ መሪ ቃል ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ርእሰ ጉዳይ ሁላችንም የምናውቀው አጭር ሐረግ ነው፤ «የ13 ወር ጸጋ»። በፖስተር፣ በፖስታ ካርድና በሆቴል ግድግዳ ላይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ሲነበብ ኖሯል። ከመለመዱም የተነሣ ማን ለማን የተናገረው ቃል እንደ ሆነ መጠየቅ ትተናል። የታሪክ ተማሪ ግን ሰነድ ሲያነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ተናጋሪው ማን ነው? አድማጩስ?

የገበያ ጥናት ምሁራን «ቫልዩ ፕሮፖዚሽን» የሚሉት ጽንሰ ሐሳብ ለዚህ ጥያቄ ይረዳናል። እኔ በአማርኛ «የጥቅም ቃል» እለዋለሁ። ሻጭ ለመረጠው ገዢ የሚሰጠው ቃል ሲሆን ሦስት ነገሮችን መመለስ ይጠበቅበታል። ገዢው ማን ነው? ምን ጎድሎበታል? ጉድለቱን ከሌላው ሻጭ ይልቅ እኛ የምንሞላለት ስለ ምንድን ነው? በዚህ መለኪያ ስመዝነው፣ ሐረጉ በአገራችን ከተነገሩት የጥቅም ቃሎች ሁሉ እጅግ ከሰመሩት አንዱ ሆኖ አገኘዋለሁ። ያደከመውም ከዚያው ካሰመረው ነገር የመነጨ ነው። ሁለቱንም በተራ አሳያለሁ።

ከቦታው ልነሣ። ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሽቅብ የሚወጣው የዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና በጊዮን ሆቴልና በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በኩል አልፎ ወደ አፍሪካ አዳራሽ፣ ከዚያም በካዛንቺስ አቅጣጫ ወዳለው ሂልተን ሆቴል ያደርሳል። ይህ አጭር መንገድ የአንድ ዘመን መዝገብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 በአዲስ አበባ ተመሠረተ፤ አፍሪካ አዳራሽ በ1961 ተመረቀ፤ በግንቦት 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚሁ አዳራሽ ተወለደ፤ ሂልተን በ1969 ተከፈተ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በዚያው ዐሥር ዓመት መጀመሪያ ላይ በጄት አውሮፕላን መብረር ጀምሮ ነበር። እንግዳ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ለስብሰባ መጥቶ በስብሰባው ማግስት የሚመለስ ነበር። ለስብሰባ ያልተጠራው ሰው በገዛ ገንዘቡ እንዲመጣ ምን ይባል?

ይህን ጥያቄ የመመለስ ኀላፊነት የወደቀው በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ያረፉትና «የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት» የሚባሉት እኚህ ሰው በ1960ዎቹ የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅትን አቋቁመው መርተዋል። አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርንና ባሕር ዳርን በአየር በረራ ያያያዘው «የታሪክ ጉዞ መሥመር» በእርሳቸው ዘመን መልክ ያዘ። መሪ ቃሉም የእርሳቸው መሆኑ የታወቀ ነው። በእንግሊዝኛ የተነገረው ግን «የ13 ወር ፀሐይ» ተብሎ ነበር። «ጸጋ» የሚለው ቃል የመጣው ወደ አማርኛ ሲመለስ ነው። ይህን ልዩነት እባካችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የእንግሊዝኛውን በሦስቱ ጥያቄዎች እንመርምረው። የተመረጠው ገዢ ገንዘብና የዕረፍት ጊዜ ያለው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሰው ነው። የጎደለውም ግልጽ ነው፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ቀኑ ያጥርበታል፣ ሰማዩ ይጨልምበታል። የእኛ በጋ በአመዛኙ በዚያው ወራት ላይ ይውላል። የእርሱ ፀሐይ ስትጠፋ የእኛ ትወጣለች ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ቃሉ እውነተኛ ፍላጎት አግኝቷል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብድ ነበር። በዚያ ዘመን ፀሐይን የምትሸጠው ኢትዮጵያ ብቻ አልነበረችም። ስፔን ለሰሜን አውሮፓ ሰው ቅርብ፣ ርካሽና ባሕር ያለው ፀሐይ ታቀርብ ነበር። ኬንያም ፀሐይን ከአንበሳና ከዝሆን ጋር ታቀርብ ነበር። «እኛም ፀሐይ አለን» የሚል ማስታወቂያ በዚህ ገበያ ውስጥ ሰሚ አያገኝም። የአቶ ሀብተ ሥላሴ ብልሃት የታየው በቁጥሩ ላይ ነው። ፀሐይ የማንም ናት፤ ዐሥራ ሦስተኛው ወር ግን ከእኛ ባሕረ ሐሳብ የመጣ ነው። የአውሮፓ አንባቢ «13 ወር» የሚለውን ሲያይ ስሕተት የተጻፈ መስሎት ይቆማል፤ ምክንያቱን ይጠይቃል፤ ሲጠይቅ የራሷ ዘመን አቆጣጠር፣ የራሷ ፊደልና የራሷ ቤተ ክርስቲያን ያላት አገር መኖሯን ይሰማል። ፀሐይዋ የገዢውን ጉድለት ትነካለች፤ ቁጥሩ የሻጩን ልዩነት ያሳውቃል። ሁለቱ በአንድ ሐረግ ሲገናኙ ሦስቱም ጥያቄዎች ተመለሱ።

አሁን ወደ «ጸጋ» ልመለስ። ዐሥራ ሦስተኛው ወር ጳጉሜን ነው፤ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስት ቀን። በመስከረም ዋዜማ፣ በክረምቱ መውጫ ላይ የምትገኝ ናት። ኢትዮጵያዊ ጳጉሜንን በምን ያውቃታል? በዝናብዋ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነው፤ ሰማይ የሚከፈትበት «ርኅወተ ሰማይ» ነው ተብሎ ስለሚታመን ልጅ አዋቂው በዝናቡ ይጠመቃል። ለውጭ ገዢ የፀሐይ ምልክት ሆኖ የቀረበው ወር ለባለ ቤቱ የተባረከ ዝናብ ወር ነው።

«የ13 ወር ፀሐይ» ተብሎ በቀጥታ ወደ አማርኛ ቢመለስ ኖሮ በገበሬ ጆሮ እንዴት ይሰማ እንደ ነበር አስቡት። ዓመቱን በሙሉ ፀሐይ ማለት ድርቅ ማለት ነው፤ በረከቱ ቀርቶ ርግማን ይመስላል። የአማርኛው ቃል ይህን ያወቀ ይመስለኛል። «ጸጋ» ፀሐይንም ዝናብንም፣ ዘርንም አዝመራንም ይይዛል። በአንድ ምርት ላይ ሁለት የጥቅም ቃል የተሰጠው ሁለት አድማጭ ስለ ነበረ ነው። እንደ እኔ ንባብ የዚህ ታሪክ ዋና ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ ጥቅሙ ያለው በዕቃው ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሰሚው ኑሮ ውስጥም ነው። ያው ፀሐይ ለአንዱ ዕረፍት፣ ለሌላው ረኀብ ነው።

ይህ ልዩነት ከቋንቋ ጥያቄ አልፎ የታሪክ ዋጋ አስከፈለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም የወሎን ረኀብ ለብሪታንያ ተመልካች አሳየ። በጥቅምት 1984 የማይክል ቡርክ ዘገባ የሰሜን ኢትዮጵያን ረኀብ ለዓለም አሳየ። በእነዚህ ፊልሞች የታየው በፖስተሩ የተመሰገነው ፀሐይ ነው፤ ተመልካቹም ፖስተሩ የተሠራለት ያው ሰው ነበር። ለውጭ የተሰጠው ቃል የአገሬውን ኑሮ ስላላካተተ፣ ያ ኑሮ በገዢው ፊት በቀረበ ጊዜ ቃሉ መከላከያ አልነበረውም። ረኀቡን ያመጣው መሪ ቃሉ ነው አላልሁም፤ ቃሉ ግን ስለ ሰዎቹ የተናገረው ነገር አልነበረውም።

በመካከሉ ሌላ መሠረት እየተጣለ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1978 በዋሽንግተን የተሰበሰበው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የመጀመሪያዎቹን 12 ቅርሶች ሲመዘግብ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ስብሰባው የተፈጸመው በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የፋሲል ግቢ፣ አክሱም፣ የታችኛው አዋሽ፣ የታችኛው ኦሞና ጢያ ተጨመሩ። ኢትዮጵያ ከአየር ጠባይዋ ይበልጥ የምትናገርለት ሀብት እንዳላት ሌሎች መሰከሩላት።

እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ መሪ ቃል የወጣው በዚህ መሠረት ላይ ነው። የእንግሊዝኛው «የመነሻዎች ምድር» ማለት ሲሆን አማርኛው «ምድረ ቀደምት» ነው። ሉሲ፣ ቡናና ዓባይ በአንድነት የሚጠሩበት ቃል ነው። በእውነተኛነቱ ከቀደመው ይበልጣል፤ ማንም አገር እንደ ልቡ ሊወስደው አይችልም። ነገር ግን በሦስቱ ጥያቄዎች ስንመዝነው ሦስተኛውን ብቻ ይመልሳል። ስለ እኛ ይናገራል፤ ስለ መንገደኛው ዝም ይላል። «ቀደምት ናችሁ፤ ታዲያ እኔ ምን አገኛለሁ?» ለሚል ሰው መልሱ ገና አልተጻፈም። መልሱ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው ሉሲ የሰው ዘር ሁሉ ታሪክ አካል ናት። ስለዚህ ከቶኪዮም ሆነ ከኦስሎ የሚመጣ ሰው ወደ ባዕድ አገር ሳይሆን ወደ ጥንተ ቤቱ ይመጣል ሊባል ይችላል። «ቀደምት» የሚለው ቃል ክብሩን ለእኛ ብቻ ሲያስቀር፣ «መነሻ» እንግዳውን ያስገባል።

ይህ ጉዳይ የቃላት ምርጫ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ2020 ወዲህ ወረርሽኝና ጦርነት ተከታትለው በላሊበላና በአክሱም ጎብኚ ሲጠፋ፣ የተጎዳው በአገር ስም የተሰጠውን ቃል በእጁ የሚፈጽመው ሰው ነው፤ አስጎብኚው፣ የበቅሎ ኪራይ የሚኖረው፣ ሸማኔው፣ የትንሿ ሆቴል ባለቤት። ቀጣዩ የጥቅም ቃል ሲቀረጽ ከገዢው ቀጥሎ ሊጠየቁ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው። ቃሉ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ ሲመለስ ምን ይላል? የሚፈጽሙት ሰዎች ሰምተውት «አዎን፣ ይህ የእኛ ኑሮ ነው» ይላሉ? የ1960ዎቹ መሪ ቃል ይህን ፈተና ያለፈው በእንግሊዝኛው ሳይሆን በአማርኛው ብቻ ነበር።

ተማሪዎቻችን የእነዚህን ፖስተሮች ሥዕልና ጽሑፍ እንደ ማንኛውም የታሪክ ሰነድ ቢያጠኑ፣ በየዘመኑ ማንን እንደ ጠራንና ማንን እንደ ዘነጋን ይነግሯቸዋል። ለጥያቄዎቻችሁ ዝግጁ ነኝ።