ማይጨው የዘመተ አባት እና የላሊበላው መንገድ

ሚያዝያ 27 በደረሰ ቁጥር «አባቴም እኮ ማይጨው ዘምቷል» የሚል ሰው ይበዛል። ዋድላ ውስጥ፣ ኮን ላይ፣ ይህን የሚል ልጅ ማስረጃ አምጣ ቢባል ይቸገራል። አባቱ ክብር ዘበኛ ካልሆነ በቀር ስሙን በመዝገብ የጻፈለት አልነበረም። ክተት ሲታወጅ የራሱን ጠመንጃና ስንቅ ይዞ አለቃውን ተከትሎ ወጣ፤ የተመለሰም እንደሆነ ያየውን ለልጆቹ አወራ።

ጦርነቱ ራሱ የታወቀ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ተሸነፍን፤ የተረፈው ጦር ሲያፈገፍግ አሸንጌ ዳር የመርዝ ጢስ ወረደበት።

ክርክሩ ያለው ከዚያ ወዲህ ነው። ጠላት ወደ ደሴ ሲገሰግስ ጃንሆይ ወደ ምዕራብ ታጥፈው ላሊበላ ገቡ፤ በጸሎትም ጥቂት ቀናት ሰነበቱ። ነቃፊዎች በዚያ ሰዓት ሱባኤ መግባት ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። ይሁንና ደሴ ሚያዝያ 7 ተይዛለች። በዋናው መንገድ ቢወርዱ የሚጠብቃቸው ማን ነበር? ጸሎቱን የሚክድ የለም፤ ዳሩ ግን ደጋው ለተሸነፈ ጦር ከሜዳው ይሻል ነበር። በፍቼ ዞረው ሚያዝያ 22 አዲስ አበባ ገቡ፤ በሁለተኛው ቀን ባቡር ተሳፈሩ።

የኮኑ ልጅ የአባቱን ወሬ የሚፈትነው በዚህ ነው። አባቱ «ከጃንሆይ ጋር ላሊበላን ተሳለምኩ» ብሎ ከነበረ፣ ነገሩ የሚሆነው በ1928 ሚያዝያ፣ በፋሲካ ሰሞን ብቻ ነው። «ከደጃዝማች ወንድወሰን ካሣ ጋር ነበርኩ» ካለ ግን ሌላ ዘመቻ ነው፤ የራስ ካሣ ልጅ ላስታ ላይ ሲዋጉ ቆይተው በታኅሣሥ 1929 ተይዘው ተረሽነዋል። (ሽማግሌዎች ሁለቱን አንድ ላይ «የጣሊያን ጊዜ» ብለው ያልፏቸዋል፤ አይፈረድባቸውም።)

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በየቀበሌው ትዝታ የተበታተኑ ናቸው።

ከድል በኋላ ለአርበኞች ሜዳልያና መሬት ይሰጥ ነበርና ሣጥን ውስጥ የቀረ የመሬት ወረቀት ካለ ብዙ ይናገራል። ተራው ወታደር እንዴት እንደተጓዘ ለማወቅ ደግሞ በሰሜን ግንባር የነበረው ቼኩ አዶልፍ ፓርለሳክ የጻፈው፣ በአማርኛ «የሐበሻ ጀብዱ» ተብሎ የተተረጎመው መጽሐፍ አለ። ለቀረው አዲስ አበባ ያለው የጀግኖች አርበኞች ማኅበርና ወመዘክር በር ይንኳኳል፤ የአባትን ስም ብቻ ሳይሆን የአለቃውን ስም ጭምር ይዞ።