የምርምር ቅድሚያ ልየታ፦ የዲጂታል ጤና ጥያቄ ከአዲጋላ ቢነሳ

አዲጋላ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የድሮው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው በዚሁ በኩል አልፎ ነው፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም እዚያው ጣቢያ አለው። በዙሪያዋ የሚኖረው በአብዛኛው የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደር ነው። ድራዕ የሚባለው የበልግ ዝናብና ከራን የሚባለው የክረምት ዝናብ የት እንደጣለ እያየ ግመሉን፣ በጉንና ፍየሉን ይዞ ይንቀሳቀሳል። ድንበሩን ተሻግሮ የሚዘልቅም አለ።

የአገራችን የጤና መረጃ ሥርዓት የተቀረጸው ደግሞ ሌላ ዓይነት ኑሮ ታስቦ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር መነሻው ቀበሌና ቤት ነበር። ባለሙያዋ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ማኅደር ትከፍታለች፣ ማኅደሩም በቤተሰብ ተለይቶ ጤና ኬላው ውስጥ ይቀመጣል። ለአርብቶ አደር አካባቢ ፕሮግራሙ ቆይቶ ማስተካከያ ቢደረግበትም መዝገቡ የቆመበት ሐሳብ ያው ቤት ነው። ኋላ ላይ ይኸው የወረቀት ማኅደር ወደ ታብሌት ተሸጋግሮ የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ሆነ፤ ባለሙያዎቹ በአጭሩ ኢ-ቺስ ይሉታል። ቤቱን በግመል ጀርባ ጭኖ የሚጓዝ ቤተሰብ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የት ይመዘገባል? ልጁ ክትባቱን አዲጋላ ጀምሮ ሌላ ቀበሌ ቢጨርስ ሁለቱን መዝገቦች የሚያገናኛቸው ምንድን ነው?

ይህ ተመራማሪ አጥንቶ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ነው። ችግሩ ብቻውን አለመሆኑ ነው። በትልልቆቹ ሆስፒታሎች የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገብ የሐኪሙን ጊዜ ይቆጥባል ወይስ ያባክናል የሚል ጥያቄ አለ። ከጤና ጣቢያ የሚላከው ወርኃዊ ሪፖርት በመዝገቡ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ይገጥማል ወይ የሚልም አለ። የበሽተኛ ምስጢር በዲጂታል ሥርዓት እንዴት ይጠበቅ? መብራት ሲጠፋስ ሥራው እንዴት ይቀጥል? ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያጠና ገንዘብም ሰውም የለም። ስለዚህ አንዱ ሌላውን መቅደሙ አይቀርም። የትኛው ይቅደም፣ በምን ሚዛን፣ በማን ውሳኔ የሚለውን ለይቶ የማውጣት ሥራ በእንግሊዝኛው አጠራር «ሪሰርች ፕራዮሪቲ ሴቲንግ» ይባላል። በአማርኛ «የምርምር ቅድሚያ ልየታ» እንበለው።

እስካሁን በየስብሰባውና በየሰነዱ ሲሠራባቸው የቆዩ ሌሎች አጠራሮች አሉ። «የምርምር አጀንዳ» የሚለው የተለመደ ቢሆንም ውጤቱን፣ ማለትም የወጣውን ዝርዝር ነው የሚጠራው፤ ዝርዝሩ የወጣበትን መንገድ አይነግረንም። «ቅደም ተከተል» ተራን ብቻ ያሳያል። «ልየታ» ግን ቀበሌ ድረስ የወረደ ቃል ነው። በሴፍቲኔት የሚታቀፉ ቤተሰቦች ሲመረጡ «የተጠቃሚ ልየታ» ይባላል፤ አሠራሩም መመዘኛው አስቀድሞ እንዲታወቅ፣ የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር በሕዝብ ፊት እንዲነበብ፣ ቅር ያለው ሰው አቤት እንዲል ይጠይቃል። ይህን ቃል የመረጥኩትም ለዚሁ ነው፤ የምርምር ቅድሚያም እንዲሁ በግልጽ መመዘኛና በአደባባይ መውጣት አለበት።

ፍቺው እንዲህ ነው፦ የምርምር ቅድሚያ ልየታ ማለት አንድ አገር፣ ክልል ወይም ተቋም ባለው ውስን አቅም መጀመሪያ መልስ ማግኘት የሚገባቸውን ጥያቄዎች፣ በታወቀ መመዘኛና ጉዳዩ በሚመለከታቸው ሰዎች ተሳትፎ የሚለይበት ሥራ ነው። የሚለዩት ርዕሶች እንዳልሆኑ ልብ ይሏል። «ቴሌሜዲስን» ርዕስ ነው፤ በርዕስ ላይ መስማማት ደግሞ ቀላል ነው፣ ማንንም አያስገድድም። «በአዲጋላ ዓይነት ከተማ የሚሠራ አዋላጅ ድሬዳዋ ካለ ሐኪም ጋር በስልክ ቢመካከር፣ ምጥ የጠናባት እናት ሳትዘገይ ሆስፒታል ትደርሳለች ወይ?» ሲባል ግን ጥያቄ ሆነ። ሊጠና፣ ሊለካ፣ መልሱም «አይ፣ አትደርስም» ሊሆን ይችላል።

ሐሳቡ የተወለደው ከፍትሕ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የጤና ምርምርን ለልማት የሚመለከት ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት፣ ለጤና ምርምር ከሚወጣው የዓለም ገንዘብ ለታዳጊ አገሮች ሕዝብ የጤና ችግር የሚውለው እጅግ ጥቂት መሆኑን አሳየ። ይህ አለመመጣጠን ኋላ «የ10/90 ክፍተት» ተባለ፤ ከገንዘቡ ከ10 በመቶ የማይበልጠው 90 በመቶውን የዓለም የጤና ችግር ለሚሸከሙት ይውላል ለማለት ነው። ኮሚሽኑ ድሃ አገሮች የራሳቸውን የምርምር ቅድሚያ ራሳቸው እንዲያወጡ መከረ።

ከዚያ ወዲህ የተለያዩ ዘዴዎች ተሠርተዋል። በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ በሕፃናት ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ዙሪያ የተነሳው፣ በምኅጻሩ ቸንሪ የሚባለው ነው። ባለሙያዎች ጥያቄዎችን ያዋጣሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ጥያቄ በአምስት መመዘኛ ይመዝናሉ። ጥያቄው በጥናት ሊመለስ ይችላል? የሚገኘው መፍትሔ ውጤታማ ሊሆን ይችላል? ካለው የጤና ሥርዓት ጋር ተጣጥሞ ሊዳረስ ይችላል? የበሽታ ጫናን ምን ያህል ይቀንሳል? ጥቅሙ ለተጎዳው ክፍል በፍትሕ ይደርሳል? መልሱ «አዎ» ከሆነ 1፣ «አይደለም» ከሆነ 0፣ ለመወሰን ለሚያመነታ 0.5 ይሰጣል፤ ስለ ጉዳዩ በቂ እውቀት የሌለው ባዶ ይተወዋል። ነጥቡ ተደምሮ ጥያቄዎቹ ይደረደራሉ።

ይህ ዘዴ ግልጽነቱ መልካም ነው፤ ማንም ሰው ውጤቱ ከየት እንደመጣ መልሶ ሊያይ ይችላል። ድክመቱም በዚያው አለ። ነጥብ ሰጪዎቹ በአብዛኛው ኢሜይል የሚደርሳቸው ተመራማሪዎች ናቸው። ጉዳዩ የሚያመውን ሰው ያላካተተ ልየታ ምን እንደሚያጣ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2000 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣውን የእንግሊዝ ጥናት ማስታወስ ይበቃል። ስለ ጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም የተሠሩት ጥናቶች በአብዛኛው በመድኃኒትና በቀዶ ሕክምና ላይ ያተኮሩ ሆነው ሳለ፣ ሕመምተኞቹ ራሳቸው ይጠና ካሉት ውስጥ ግን ስለ ሕመሙ ትምህርትና ምክር ማግኘትም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2004 በብሪታንያ የተቋቋመው የጄምስ ሊንድ ጥምረት ሕመምተኛና ሐኪም በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው አሥር ዋና ዋና ጥያቄዎችን እንዲያወጡ የሚያደርገው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው።

ዲጂታል ጤና ላይ ልየታው ይበልጥ አጣዳፊ የሚሆነው ቴክኖሎጂው ራሱ ጥያቄ ይዞ ስለሚመጣ ነው። ለጋሹ መተግበሪያ ያመጣል፣ መተግበሪያው ይሞከራል፣ «ይሠራል ወይ?» ተብሎ ይጠናል፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ሙከራውም ይቆማል። ኡጋንዳ ውስጥ እንዲህ ያሉ ያልተቀናጁ ሙከራዎች በዝተው የጤና ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ሁሉም እንዲቆሙ እስከ ማዘዝ ደርሷል። ጥያቄው መሣሪያውን ይዞ ከመጣው ወገን ሲነሳ መልሱም ለእሱ ይሆናል።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የነበረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከአራት ዋና አጀንዳዎቹ አንዱን «የመረጃ አብዮት» ብሎ ሰይሞ ነበር። ዲኤችአይኤስ-2 የሚባለው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚለማ ነጻ ሥርዓት የአገሪቱ የጤና ሪፖርት ማሰባሰቢያ ሆኗል። ጤና ሚኒስቴር በመረጃ አብዮቱ ሥራ መጀመሪያ ላይ ስድስት ዩኒቨርሲቲዎችን አጋር አድርጓል፤ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳ፣ ጅማና መቀሌ። ሁሉም የካበተ ልምድ ያላቸው ናቸው። ነገር ግን ዝርዝሩን ሳነብ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ከሶማሌም ከአፋርም ክልል የተነሳ ዩኒቨርሲቲ የለበትም። ሐረማያ ጎረቤት ነው፣ ጎረቤትነት ግን የቤቱን ሰው አይተካም።

ታዲያ ጥያቄው ከአዲጋላ ቢነሳ ምን ምን ሊቀድም ይችላል? የራሴን ግምት ላስቀምጥ።

የመጀመሪያው ሰውን መለየት ነው። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሙሁመድ ተብሎ በሦስት መዝገብ የሚጻፍ አንድ ሰው አለ። በክልሉ ሶማሊኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ የፌዴራል ወረቀት በአማርኛ፣ የሥርዓቱ ቅጽ ደግሞ አንዳንዴ በእንግሊዝኛ ይመጣል። በሦስት ፊደል ልማድ መካከል የሚመላለስ ስም ሳይበላሽ የሚደርስበትን መንገድ ማጥናት ለሲቲ ዞን ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ ፋይዳ ቁጥር በየዘርፉ እየገባ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ የሌላት እናት ጤና ኬላ ስትመጣ እንዴት ትስተናገድ የሚለው አገልግሎትን ከመከልከል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቀድሞ መጠናት አለበት እላለሁ።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በአፍሪካ መጀመሪያ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪደሃር ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ ተመራማሪዎች ከእሷ ጋር አያይዘውታል። ይህች ትንኝ እንደ ቀድሞዎቹ ረግረግ አትጠብቅም፤ በበርሜል፣ በታንከርና በግንባታ ቦታ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች፣ ስለዚህ ከተማ ይስማማታል። ጅቡቲንና ድሬዳዋን የሚያገናኘው መስመር የሚያልፈው በአዲጋላ ነው። የወባ ቁጥር በየሳምንቱ ለኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር ይላካል። የሚላከው ግን በተቋም ተደምሮ ነው፤ ታማሚው ባለፉት ሳምንታት የት እንደነበረ ከድምሩ አይነበብም። ሪፖርቱ በመስመሩ ላይ ካሉ ትንንሽ ከተሞች በጊዜው ቢሰበሰብና ከጅቡቲው ጋር ቢናበብ ወረርሽኝን ቀድሞ ያሳያል ወይ? መልሱ ከአዲጋላ አልፎ ለድሬዳዋም ለአዲስ አበባም ይተርፋል።

ሦስተኛው የኔትወርክ ነገር ነው። ኔትወርክ በሌለበት ታብሌቱ መረጃ ይዞ ቆይቶ ሲያገኝ ይልካል፤ ኢ-ቺስ ያለ ኔትወርክም እንዲሠራ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ሳይላክ የቆየው መረጃ ውሳኔ ላይ ምን ያህል ጉዳት ያደርሳል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የምስጢርን ነገር ብዙ አልልም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ እንዴት እንደሚሠራበት ግን ገና ጥናት የሚፈልግ ጉዳይ ነው።

እነዚህ የእኔ ግምቶች ናቸው፤ ልየታ ደግሞ የአንድ ጸሐፊ ግምት ሊሆን አይችልም። ደግነቱ በክልሉ ሕዝቡን ይዞ የመመካከር ልምድ አለ። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምና የስዊዘርላንዱ የትሮፒካልና የኅብረተሰብ ጤና ተቋም በጋራ የመሠረቱት የጅግጅጋ ዋን ሔልዝ ኢኒሼቲቭ የሰውንና የእንስሳትን ጤና አንድ ላይ ይዞ ሠርቷል። አዳድሌ ወረዳ ውስጥ ከአርብቶ አደሮች ጋር ተቀምጦ መወያየትንም የሥራው አካል አድርጓል። ግመሉ ሲታመም ቤተሰቡም እንደሚታመም ለሚያውቅ አርብቶ አደር የሁለቱ መረጃ ተለያይቶ መያዙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ይህን ከከተማ ቢሮ ሆኖ ማሰብ ይከብዳል።

ኢሳዎችም የራሳቸው የምክክር ሥርዓት አላቸው። ሄር ኢሴ የሚባለው በቃል የሚተላለፍ ሕጋቸው እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በኡጋዙ፣ ማለትም በኢሳዎች ባህላዊ መሪ ሥር 44 አባላት ያሉት ሸንጎ አለው። ጥያቄን ሰምቶ፣ መዝኖ፣ ተስማምቶ መወሰንን የሚያውቅ ሕዝብ ስለ ራሱ የጤና መረጃ ቅድሚያ ቢጠየቅ ይቸገራል ብዬ አላምንም። ሸንጎው በባህሉ የወንዶች መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም። የልጁን ክትባት የምትከታተለው እናት ናት፤ መረጃውን የምትመዘግበው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ሴት ናት። ሁለቱ የሌሉበት ልየታ ከተመራማሪዎቹ ኢሜይል ብዙም አይሻልም።

በጤና ቢሮ፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም በለጋሽ ድርጅት የምትሠሩ አንባቢዎች የዲጂታል ጤና ጥያቄዎች ዝርዝር ነጥብ እንድትሰጡበት ሲደርሳችሁ፣ ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት ጥያቄዎቹን ማን እንዳዋጣ ጠይቁ። ከአርብቶ አደር ወረዳ የመጣ አንድም ጥያቄ ከሌለበት መልሱት፤ ከሲቲና ከአፋር ዞኖች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና እናቶች የተሰበሰበ ጥያቄ ተጨምሮበት ተመልሶ ይምጣላችሁ።