ጥቀርሻ

ካቻምና ክረምት አዳማ እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ ቦይለር ለሁለት ወር ያህል ሲያጉረመርም ከርሞ አንድ ቀን ጠዋት ጭጭ አለ። የሠፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ቀልጣፋ ልጅ ነው። መብራቱን አጠፋ፣ ውሃውን ዘጋ፣ የቦይለሩን ክዳን ፈትቶ ወደ ባልዲ አዘነበለው። መጀመሪያ ውሃ ወረደ፤ ቀጥሎ የቡና አተላ የመሰለ ጭቃ፤ መጨረሻ ላይ ነጭ ቅርፊት እየተንኳኳ ተከተለ። ሬዚስታንሱ ድንጋይ ለብሷል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ተጠርጎ ያውቃል?»

እህቴን አየኋት። እሷም እኔን አየችኝ። ቦይለሩ ከተገዛ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

«ይጠረጋል እንዴ?» አለች።

ልጁ ሳቀ። ከዚያ አንዲት አውራ ጣት የምታህል የነሐስ ዕቃ ፈትቶ አሳየን። «ሬዚስታንሱስ ቢቃጠል ይቀየራል። መጥፎዋ እቺ ናት። ግፊት ሲበዛ የምታስተነፍሰው እቺ ነበረች። ተደፍናለች። ሙቀት የሚቆርጠውም አብሮ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ…» አለና አልጨረሰውም። ጣሪያውን ብቻ ቀና ብሎ አየ። እኛም አየን።

ዕድሜውን ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ምንም አይረባም። ልጁ ቱቦ ሲፈትግ እኔ ቃል ስመነጥር ዋልኩ። «ባቡር» የምንለው ቃል መነሻው እንፋሎት ነው። ጣሊያኖች «ቫፖሬ» የሚሉትን ዓረቦች «ባቡር» ብለው ወሰዱት፤ እኛም ከዚያ ተቀበልነው። ለዚህ ነው ሀዲድ የሚያውቀውም የማያውቀውም ሞተር ባቡር የሆነው። የእህል ወፍጮውም ባቡር ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለዐፄ ምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ መኪናም «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ እንጂ ሀዲድ አልነበረውም። እንግዲህ ባቡር ማለት ሆዱ ውስጥ ውሃ የሚፈላበት ብረት ማለት ነው። የእህቴ ቦይለርም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትንሽ ባቡር ነው ማለት ይቻላል።

አዳማ ደግሞ ባቡር ያቆማት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሀዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ በስንት መንጓተት በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ ስምጥ ሸለቆን ተሻግሮ በዚህች ከተማ በኩል ነበር ያለፈው። በእንፋሎት ዘመን ያ ባቡር ሁሉ በየጊዜው ሆዱ ይታጠብ ነበር። መታጠብ የምለው ለቅንጦት አይደለም። ውሃ ሲፈላ እንፋሎቱ ይሄዳል፣ የያዘው ኖራና ጨው ግን የትም አይሄድም፤ ቱቦው ላይ ይጋገራል። የተጋገረው ሙቀት አያሳልፍም። ውሃው እሳቱን ሲጠይቅ እሳቱ ብረቱን ይበላል፤ ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ በግፊት ይተረተራል። እ.ኤ.አ. በ1865 አሜሪካ ውስጥ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ሱልታና የተባለች መርከብ ቦይለሮቿ ፈንድተው ከ1,000 በላይ ሰው አልቋል። በችኮላ የተለጠፈ ቦይለርና ጭቃማ የወንዝ ውሃ ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች ውስጥ ናቸው። ለምድር ባቡራችን ይህን ሥራ የሚሠሩት የድሬዳዋ ወርክሾፕ ሰዎች ነበሩ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ዲዝሉ እየተተካ ሲመጣ ሙያውም አብሮ ከሰመ።

ከሰመ ስል ግን ከሀዲዱ ላይ ነው። ከአዳማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ ወንጂ ላይ ገና መጀመሩ ነበር።

ወንጂን ያወቅሁት በአንድ ተማሪዬ በኩል ነው። በማስተምርበት ኮሌጅ የእንግሊዙን ገጣሚ የዊሊያም ብሌክን ስለ ጭስ ማውጫ ጠራጊ የጻፋቸውን ሁለት ግጥሞች አስተምር ነበር። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1789፣ ሌላው በ1794 የታተሙ ናቸው። በዚያ ዘመን ለንደን ውስጥ ሕፃናት እየተሸጡ ጠባብ የጭስ ማውጫ ውስጥ ይላኩ ነበር። ጥቀርሻ ይፍቃሉ፤ ይታፈናሉ፤ ይወድቃሉ። ፐርሲቫል ፖት የተባለ ሐኪም በ1775 በእነዚህ ጠራጊዎች ላይ የሚወጣውን ካንሰር ከጥቀርሻው ጋር አገናኝቶ ጻፈ፤ ሥራ ሰውን ካንሰር እንደሚያሲዝ ሲጻፍ የመጀመሪያው ይህ ነው። ፓርላማው ሕግ ቢያወጣም የሚያከብረው ጠፍቶ፣ ሕፃን መላኩ በርግጥ የቀረው በ1875ቱ ሕግ ነው። መቶ ዓመት! ይህን ሁሉ ስተነትን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ልጅ እንዴት ጭስ ማውጫ ውስጥ ይገባል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የእኛ ቤት ጭስ ማውጫ የለውም። ጎጆው በሣሩ ውስጥ ያሾልካል፤ የቆርቆሮው ቤት ማድ ቤቱን ጓሮ አውጥቶ በበርና በስንጥቅ ያሾልካል። በር ሲዘጋ ደግሞ ይቀራል። ማብራራት ስጀምር ከኋላ ወንበር አንድ ዝምተኛ ልጅ ተነሣ። የሸንኮራው መንደር ልጅ ነው።

«እኛ ጋ አለ» አለ፤ አፉን በእጁ ሸፍኖ። «ረጅም ነው። ከታች ቦይለሩ አለ። ክረምት ላይ ፋብሪካው ሲቆም ሰው ይገባበታል። አባቴ ይገባል። ሲወጣ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።»

ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም፤ እጁንም ከአፉ ላይ አላነሣም። ግጥም እንዲያነብ ስጋብዘውም እንደዚያው በመዳፉ ጀርባ ነበር የሚያነበው። ዓይን አፋር ነው ብዬ ነበር። ጥርሱን ያየሁት በኋላ፣ ቢሮዬ መጥቶ ሳያስበው ሲስቅ ነው። ቡናማ ነበር፤ አንዳንዱም የተበላ።

ወደሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለ ፋብሪካው ላውጋችሁ።

ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ የጃቫ እርሻው እጁ ላይ ተናጋበትና ሌላ አገር ፈለገ። በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ አዋሽ ዳር ያለውን የወንጂን ሜዳ ተረክቦ ሸንኮራ ተከለ፤ በመጋቢት 1946 የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሸዋ የተባለው ሁለተኛው ፋብሪካ አጠገቡ ቆመ። በ1967 ሁለቱም ተወረሱ። የእኔ ዕድሜ ሰው ወንጂን በስኳሩ ብቻ ሳይሆን በደስታ ከረሜላው ነው የሚያስታውሰው፤ ወረቀቱን አስተካክለን ደብተር ውስጥ እናስቀምጠው ነበር።

የፋብሪካው ነፍስ ግን ቦይለሩ ነው። ሸንኮራው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ገለባ፣ ባጋስ የሚባለው፣ ተመልሶ ይነድዳል፤ እንፋሎቱ ወፍጮውን ያዞራል፣ መብራት ያመነጫል፣ ጭማቂውንም ያፈላል። ራሱን በራሱ የሚመግብ ብልኅ ነገር ነው። ክረምት ሲገባ ግን ማሳው ይጨቀያል፣ ሸንኮራ ማመላለስ አይቻልም፣ ፋብሪካውም ይቆማል። ያኔ ዓመታዊ ጥገናው ይጀመራል። በአንድ በኩል እሳቱ የነካው ጎን ጥቀርሻና አመድ ይፋቃል፤ በሌላ በኩል ውሃው የነካው ጎን የተጋገረው ድንጋይ ይነሣል። ሰውየው የሽቦ ብሩሽና መፋቂያ ይዞ፣ በአንዲት ክብ ቀዳዳ ትከሻውን አጥብቦ ይገባል። የተማሪዬ አባት ይህን የሚያደርገው አገሬው ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ሲለቀልቅ፣ ማድ ቤቱን ሲያራግፍ ነው። ይህ ግጥጥም ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ የሆላንዱ ማሽንና የእናቴ ማድ ቤት በአንድ ወር ይጠረጉ ነበር። ሁለቱ አሮጌ ፋብሪካዎች ከ2003 እስከ 2005 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ተዘግተው አዲሱ ዶዶታ በኩል ሲተካቸው፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሠርተው ነበር። ለብረት ረጅም ዕድሜ ነው። እነዚያ ክረምቶች ባይኖሩ እዚያ የሚደርሱ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጥርሱ።

የስምጥ ሸለቆ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ሲፋተግ የኖረ ውሃ ነው። ፍሎራይድ ይሟሟበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 1.5 ሚሊግራም ይበቃል ሲል ወንጂ አካባቢ ከ10 በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች ነበሩ። ጥርሱ ገና ድዱ ውስጥ ሲሠራ ይህን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ ለብዙ ዓመት የጠጣ አዋቂ ደግሞ አጥንቱ ይደድራል፣ አከርካሪው ይያያዛል፤ ዞር ብሎ ለማየት ሙሉ ሰውነቱን ማዞር ግድ ይለዋል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት በሸለቆው የፍሎራይድ በሽታ ላይ ለዓመታት ጥናት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወንጂ ላይ ፍሎራይዱን የሚይዝ አሉሚና የተሞላ ማጣሪያ ተተክሎ ነበር። በኋላም በሸለቆው መንደሮች የከብት አጥንት እየተከሰለ ለማጣሪያነት ውሏል። አጥንት ፍሎራይድ ይወዳል፤ የሰውን አጥንት የሚያገኘውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ከሰው በፊት የከብት አጥንት ያግኘው ነው ነገሩ።

ታዲያ ማጣሪያውም ይሞላል። አሉሚናው በየጊዜው በኬሚካል መታጠብ አለበት፤ የአጥንቱ ከሰል መቀየር አለበት። የሞላ ማጣሪያ ውሃ ማስተላለፉን አያቆምም። ውሃው እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ይወርዳል፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፤ ፍሎራይዱ ግን አብሮ ይወርዳል። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ቦይለርስ ቢያንስ ያጉረመርማል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ተማሪዬ ራሱ ነው የነገረኝ። እናቱ ልጆቿን ከበሽታ ለማዳን የጉድጓዱን ውሃ አፍልታ ነበር የምታጠጣቸው። ማፍላት ተቅማጥ የሚያመጣውን ተሐዋሲ ይገድላል፤ እናት ተሳስታለች ማለት አይደለም። ፍሎራይድ ግን አይተንም። እንፋሎቱ ይሄድና እሱ ይቀራል፤ የቀረው ውሃ እንዲያውም ይከብድበታል። ያ ልጅ የተጎዳው በተጠነቀቀችለት እናት እጅ ጭምር ነው። ይህን ስሰማ የቢሮዬን መስኮት ከፍቼ ወደ ውጭ ማየት ነበር የቻልኩት።

ሸለቆው ራሱ የገዛ ቦይለሩ አለው። ሶደሬ ሄዳችሁ የታጠባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማንም እሳት ሳያነድድበት የሚፈላ ውሃ ነው። ወደ ላንጋኖ ስትወርዱ ደግሞ አሉቶ ላይ ይህንኑ እንፋሎት ወደ መብራት የሚቀይር የሙከራ ጣቢያ በ1991 ዓ.ም. ገደማ ተተክሎ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው ነው። 7 ሜጋዋት አለፍ ይላል ተብሎለት፣ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ቆመ። ጉድጓዶቹም መሣሪያዎቹም ታወኩ፤ የሚንከባከበው የሠለጠነ ሰው በበቂ አልነበረም። በ1999 ከፊሉ ተጠግኖ እንደገና ተነሣ፤ ያውም በግማሽ አቅሙ አካባቢ። የቆቃ ግድብም፣ በ1952 የተመረቀው፣ ሆዱን ደለል እየሞላው ነው የኖረው። እኛ አገር ለምረቃ ሪባን አይጠፋም። የጥገና በጀት ሲጠየቅ ግን «ምን ሆነ?» ነው መልሱ። ገና ምንም አልሆነም፤ የሚጠየቀውም እንዳይሆን ነው።

በነገራችን ላይ ጥቀርሻን የናቅነው በቅርብ ነው። ከድስት ቂጥ የሚፋቀው ጥላሸት፣ ከተቃጠለ እህልና ከሙጫ ጋር ተቀምሞ፣ ለወራት እንዲብላላ ተትቶ ቀለም ይሆን ነበር። የብራና መጻሕፍታችን ጥቁሩ ፊደል ይኸው ነው። ዛሬ «ስሙን ጥላሸት ቀባው» ስንል ለስድብ ነው፤ ጸሐፊው ግን በዚያው ጥላሸት የቅዱሳኑን ስም ይጽፍ ነበር። ተማሪዎቼን ይህን ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል። ያንን ልጅም ደስ ብሎታል፤ «አባቴ ሲወጣ ሙሉ መጽሐፍ ነው ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። ያን ቀን እጁን ረስቶታል።

ልጁ፣ ቧንቧ ሠራተኛውን ማለቴ ነው፣ ከሰዓት ጨረሰ። ቅርፊቱ ግማሽ ባልዲ ሞላ። አዲስ ሬዚስታንስ፣ አዲስ ቫልቭ አስገባ፤ ሒሳቡን ተቀበለና እህቴን «እትዬ፣ በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ ብቻ ይደውሉልኝ፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም» አላት። ስልክ ቁጥሩን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው።

ዘንድሮ ጳጉሜ አራት ቀን ደወልኩላትና ልጁ መጥቶ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ምን ሆነና ይከፈታል?» አለችኝ። «ድምፁ እንኳ አይሰማም።»