በፈረስ ስም የተጠራ አገር

ኢሉባቦርን እንደ አንድ ቃል መጥራት ለምደናል። ሲፈታ ግን ሦስት ነው፦ ኢሉ፣ አባ፣ ቦር። ኢሉ የጎሣው ስም ሲሆን አባ ቦር ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን፣ የምኒልክ ጦር ሳይደርስ፣ የኢሉ ባላባት የነበሩት የጫሊ ሾኖ የፈረስ ስም ነው። በኦሮሞ ጀግኖች ዘንድ ሰው በፈረሱ መጠራቱ ማዕረግ ነበር። ልማዱ ቤተ መንግሥትም ገብቶ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው አሰኝቷል። ነገር ግን አባ ታጠቅም ሆነ አባ ዳኘው የጠቅላይ ግዛት ስም አልሆኑም። ምድሪቱን የያዘው መንግሥት የቀድሞ ጌታዋን ስም ከነፈረሱ ተቀብሎ በመዝገብ ጻፈ፤ ብቻ ሦስቱን ቃላት ጨፍልቆ አንድ ስላደረጋቸው ሰውዬው ከውስጡ ጠፉ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ደጃዝማች ተሰማ ናደው፣ መቀመጫቸው ጎሬ፣ የፈረስ ስማቸው አባ ቀማው ነበር። በ1890 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ወደ ነጭ ዓባይ ላኳቸው። ከጦራቸው የተመረጠ ክፍል ረግረጉን፣ ንዳዱንና ረኀቡን ጥሶ በሰኔ ሶባት ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ደረሰ። አብረው የነበሩት ፈረንሳውያን ባንዲራቸው በወንዙ መካከል ባለች ደሴት ላይ እንዲተከል ፈለጉ፤ ሩሲያዊው መኮንን አርታሞኖፍ በዋና ገባ። ከምዕራብ ይመጣል የተባለው ማርሻን ግን የለም! በሽታው ስለጸና ጦሩ ተመለሰ። ማርሻን ፋሾዳ የደረሰው ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ቢገናኙ ኖሮ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የፋሾዳ ፍጥጫ ምን መልክ ይይዝ እንደነበር አንባቢ ያስበው።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ከመቱ ወጣ ብሎ በጫካ መካከል የሚወረወረው የሶር ፏፏቴ ውኃ ወደ ገባ ይገባል፤ ገባ ከብርብር ተጋጥሞ ባሮ ይሆናል፤ ባሮም በሶባት በኩል ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ያ ሁሉ ሠራዊት ተሰቃይቶ የደረሰበትን ስፍራ የመቱ ወንዝ ያለ አዋጅ በየዕለቱ ይደርስበታል። የኢሉባቦር ቡናም ኋላ በጋምቤላ በእንፋሎት ጀልባ ተጭኖ ወደ ካርቱም የወረደው በዚሁ የውኃ መንገድ ነው።

ተሰማ ራስ ተብለው የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና የመንግሥቱ እንደራሴ ሆኑ፤ በ1903 ዓ.ም. ዐረፉ። ጎሬ ግን ሌላ ቀን ጠበቃት። አዲስ አበባ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጦር ስትያዝ፣ ጃንሆይም ሲሰደዱ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የቀረው በዚህች የደጋ ከተማ ነበር፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በሹመት፣ ራስ እምሩ በጦር። ኅዳር 1929 ጎሬም ተያዘች፤ እምሩ በታኅሣሥ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። ለጥቂት ወራት የአገር መዲና የነበረች ከተማ በታሪክ መጻሕፍታችን አንዲት አንቀጽ ማግኘቷ ያስቆጫል።

ዛሬ የዞኑ ከተማ መቱ ናት። የዞኑ ስምም እንደገና ተነጣጥሎ በሦስት ቃል ይጻፋል፦ ኢሉ አባ ቦር።